አስኮና ቡራዩ መሃል እሳት ቢነሳ ማን ይመጣል?

የምኖረው ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። በሰፈራችን መሃል አንድ ቀጭን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ወዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ከቦዩ ወዲያ በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ። ልጆች ቀኑን ሙሉ እየዘለሉት ይጫወታሉ። ዳቦ የምንገዛው ከወዲያ ነው፣ ወፍጮ የምናስፈጨው ከወዲህ። እድራችንም ከሁለቱም በኩል አባላት አሉት። መታወቂያ ለማውጣት ወይም ግብር ለመክፈል ካልሆነ በቀር ቦዩ ድንበር መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

አንድ የክረምት ሌሊት ግን ትዝ አለን። ከቦዩ አጠገብ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት በእሳት ተያያዘ። ውስጡ ኮምፔንሳቶ አለ፣ ቫርኒሽ አለ፣ የመጋዝ ብናኝ አለ። ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ወጣ። እኔ ስልክ ደወልኩ። ያነሳልኝ ልጅ ትሁት ነበር።

«የት ነው ያላችሁት?» አለኝ። ነገርኩት።

«የትኛው ወረዳ ነው?»

«ልክ ወሰኑ ላይ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «ይጠብቁኝ፣ በእኛ በኩል መሆኑን ላጣራ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጣሪያው ሲወርድ አየሁ። በኋላ መኪናው መጣ። የሞተ ሰው የለም፣ ተመስገን። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቱን ግማሽ አጣ። ያ ስልክ ያነሳ ልጅ ላይ አልፈርድም። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ችግሩ «ወሰን ላይ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ወረቀት ፊቱ አለመኖሩ ነው። ወይም ካለም ያረጀ መሆኑ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ወረቀት ነው።

ባለሙያዎቹ የትብብር ስምምነት ወይም የመግባቢያ ሰነድ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎን ለጎን ያሉ አስተዳደሮች አደጋ ሳይመጣ በፊት ቁጭ ይላሉ። ያንተ ቤት ሲቃጠል እኔ በዚህ መንገድ እመጣለሁ፣ የኔ ሲቃጠል አንተ እንዲህ አድርገህ ትመጣለህ ይባባላሉ። ከዚያ ይፈራረማሉ። ሥልጣን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ወሰን መቀየርም አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በእኛ አካባቢ «ወሰን» የሚለው ቃል ሲነሳ የሁሉም ጆሮ ስለሚቆም ነው።

እድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት ጎረቤት እድሮች ድንኳን ሲዋዋሱ አይታችኋል። ድንኳኑን መጠየቅ የሚችለው ማን ነው? ሰብሳቢው ብቻ ነው ወይስ ሌሊት የተነሳ ማንኛውም የኮሚቴ አባል? ለቅሶው ቤት ከደረሰ በኋላ የት እንደሚተከል የሚወስነው ማን ነው? ሸራው ቢቀደድ፣ ሳህን ቢጎድል ማን ይተካል? ሲተክል የነበረ ልጅ ከመሰላል ቢወድቅ ማን ያሳክማል? ጥሩ እድር እነዚህን በመተዳደሪያ ደንቡ ጽፎ ያስቀምጣል። ሰው ከሞተ በኋላ መከራከር ነውር ነውና። በከተሞች መካከል የሚፈረመው ስምምነትም ልቡ እነዚሁ አራት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ማን ይጠይቃል የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ «እርዳታ የሚጠየቀው በከንቲባው ደብዳቤ ነው» ካለ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ስለዚህ ሥልጣኑ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ላለው ተረኛ አዛዥ መውረድ አለበት። ተረኛው በስልክ ይጠይቃል፣ ስሙንና ሰዓቱን ያስመዘግባል፣ ደብዳቤው ሲነጋ ይከተላል። ወሰን ላይ ላሉ ሰፈሮች ደግሞ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ከሁለቱም ወገን በጣም ቅርብ ያለው መኪና ጥያቄ ሳይጠብቅ ይወጣል። የማን ነው የሚለው በመንገድ ላይ ይጣራል። እኔ ብጠየቅ በሙሉ ድምፅ የምደግፈው ይህን ነው።

ሁለተኛው፣ ማን ያዛል የሚለው ነው። የተለመደው አሠራር አደጋው የደረሰበት አስተዳደር አዛዥ ጠቅላላውን እንዲመራ ነው። ለእርዳታ የመጣው ቡድን ግን በራሱ አለቃ ሥር ሆኖ ይሠራል። እንግዳው አለቃ «ከምሥራቅ በኩል ያዝልን» ሲባል ይይዛል፤ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሰልፍ ግን የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ካልተጻፈ ሁለት አዛዥ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ይሰጣል። እንዲህ ባለ መደናገር እሳት አደጋ ሠራተኛ ሊሞት ይችላል።

እዚህ ላይ የቋንቋውንም ነገር ልጨምር። ከቦዩ ወዲያ ያለው ቡድን በሬዲዮ በኦሮምኛ፣ ወዲህ ያለው በአማርኛ ሊነጋገር ይችላል። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይችላሉ። በጭስ ውስጥ ግን ሰው የሚናገረው በሚቀናው ቋንቋ ነው። ስለዚህ «ውጡ»፣ «ውሃ አቁሙ»፣ «ሰው አለ» የሚሉ አሥር አሥራ አምስት ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ተለይተው ልምምድ ሊደረግባቸው ይገባል። ሬዲዮው ራሱ እርስ በርስ የሚሰማማ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ያለበለዚያ አለቆቹ ከፊት ለፊት ቆመው በእጅ ስልክ ይደዋወላሉ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ነዳጅ፣ አረፋ፣ የተበላሸ ቱቦ፣ የትርፍ ሰዓት። ብዙ ቦታ ያለው ልማድ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንደ ጉርብትና ቆጥሮ በነጻ ማድረግ ነው። ሥራው ከረዘመ የጠየቀው ይከፍላል። ልኩ የት ጋር እንደሆነ ግን በቁጥር መቀመጥ አለበት። ካልተቀመጠ የሚቀጥለው ጥሪ ሲመጣ ያለፈው ያልተከፈለ ሒሳብ ትዝ ይላል፣ እግርም ይጎትታል።

አራተኛው፣ የተጎዳው ሰው ነው። ከአስኮ የሄደ ሠራተኛ ቡራዩ ላይ ግድግዳ ቢወድቅበት ቤተሰቡን የሚያየው ማን ነው? አሜሪካኖች ይህን እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። ሃምሳውም ግዛቶቻቸው በአንድ የአደጋ ጊዜ የመረዳጃ ቃል ኪዳን ታስረዋል። ኮንግረሳቸው ያጸደቀው በ1989 ዓ.ም. ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1996። በዚያ ውል መሠረት ወጪውን የሚሸፍነው እርዳታ የጠየቀው ግዛት ነው። የረጂው ሠራተኛ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ግን ካሣውን የሚከፍለው የራሱ ግዛት ነው፣ ልክ አገሩ ላይ እንደተጎዳ ተቆጥሮ። የአንዱ ግዛት ሐኪም ወይም ነርስ ፈቃድ ለዚያ አደጋ ሲባል በሌላውም ይሠራል። ማንም ቤተሰብ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እንዳይንከራተት ተብሎ የተጻፈ ነው። ይህን አንቀጽ ሳነብ እዚህ በየአደጋው ሲሯሯጡ የማያቸው የእኛዎቹ ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ወረቀት ብቻውን ግን እሳት አያጠፋም። በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ ባልቲሞር የምትባል ከተማ መሃሏ ተቃጠለ። እርዳታ ተጠየቀ፣ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር ደረሱ። ሰው መጣ፣ መሣሪያ መጣ፣ ፈቃደኝነቱም ነበር። ግን የብዙዎቹ ቱቦ ጥርስ ከባልቲሞር የመንገድ ዳር የውሃ መቅጃ ጋር አልገጥም አለ። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች አገሩን ሲፈትሹ ከ600 በላይ ዓይነት የቱቦ መገጣጠሚያ አገኙ። ያሳዘነኝ ቀጣዩ ነው። ከ88 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያ የኦክላንድ ኮረብታዎች ሲቃጠሉ ያው ነገር ተደገመ። የኦክላንድ የውሃ መቅጃ አፍ ከሌሎቹ ከተሞች ቱቦ ሰፋ ያለ ነበር። 25 ሰው ሞተ። ግዛቱ ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም አንድ ዓይነት የአመራር ሥርዓት እንዲከተል በሕግ የደነገገው።

ስለዚህ ስምምነት ሲታደስ ከጠበቃው ጋር መካኒኩም ስብሰባው ላይ መቀመጥ አለበት። የአዲስ አበባው ቱቦ ከሸገሩ ቦቴ ጋር ይገጥማል? ቦቴው ውሃ የሚቀዳው ከየት ነው? ይህ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚመለስ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት መኪና አንድ ሜዳ ላይ አቁሞ መሞከር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ጊዜ ከተፈረመ ለምን ይታደሳል?

ምክንያቱም የፈረሙት ሰዎችና ተቋማት በቦታቸው አይቆዩም። የእኛን አካባቢ ብቻ ተመልከቱ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ለአዲስ አበባ ተጨመረ። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ እነ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። በኦሮሚያ የአደጋ ሥራው የተዋቀረው በቡሳ ጎኖፋ ስም ነው። ስሙ የተወሰደው ኦሮሞ ከብቱ ያለቀበትን ወንድሙን መልሶ ከሚያቋቁምበት የቆየ ባህል ነው፤ ደስ የሚል ስም ነው። በአዲስ አበባ በኩል ያለው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው።

እንግዲህ ከ2015 በፊት «ከቡራዩ ከተማ አስተዳደር ጋር» ተብሎ የተጻፈ ማንኛውም ወረቀት ምን ይሆናል? ፈራሚው ተቋም እንደ ቀድሞው የለም። ማኅተሙ ተቀይሯል። ኃላፊው ተዛውሯል። እዝሉ ላይ፣ ማለትም ከሰነዱ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ፣ ያለው የስልክ ቁጥር ምናልባት አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ቤት ነው የሚጮኸው። ሕዝቡ ደግሞ በዚህ መሃል ጨምሯል። ሜዳ የነበረው ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ባለ አራት ፎቅ ላይ የሚደርስ መሰላል በማያስፈልግበት ዘመን የተጻፈ ሰነድ ስለ መሰላል መኪና አያወራም። ከመስከረም እስከ ጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ፣ በድንጋጤ ወደ ደጅ ያልወጣ ማን ነበር? የድሮ ወረቀት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አንድ መስመር ላይኖረው ይችላል።

ከእሳት ይልቅ ለእኔ ይህን ነገር በደንብ ያሳየኝ ውሃ ነው። ካርታ ክፈቱና የለገዳዲን ግድብ ፈልጉ። ግድቡ የተሠራው በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው። የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፣ የምንጠጣውም እኛ። ክረምት ላይ ግድቡ ሲሞላ ትርፉ መለቀቅ አለበት። የተለቀቀው ውሃ ትልቁ አቃቂን ይዞ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። አንድ ውሃ ነው። በመንገዱ ስንት አስተዳደር ያቋርጣል? ባለሥልጣኑ ከመልቀቁ በፊት በወንዙ ዳር ያሉ ነዋሪዎች እንዲጠነቀቁ ያሳስባል። ያ ማሳሰቢያ በቴሌቪዥን ተነገረ እንበል። በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ ቴሌቪዥን ላያይ ይችላል። ልብስ የምታጥበዋ ልጅም እንዲሁ። በሚታደስ ስምምነት ውስጥ መኖር ያለበት ይህ ነው፦ በር ከመከፈቱ ስንት ሰዓት በፊት፣ ከማን ወደ ማን፣ በየትኛው ስልክ ይደወላል? ከዚያ ቀበሌው ለማን ያደርሳል? እኔ በግሌ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የእድር ጥሩንባ ነፊ ስሙ ተጽፎ ባይ ደስ ይለኛል። ሌሊት በር እያንኳኳ ሰው መቀስቀስ ከእሱ የተሻለ የሚችል የለም።

አስቀድሞ አለመስማማት ምን እንደሚያስከትል ሌላም ቦታ አይተናል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ የአዲስ አበባ አዲስ የቆሻሻ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውሃውን መበከል ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዱ ሌላውን አስከተለ ብዬ አልደመድምም፤ ቆሼ ከዚያ በፊትም ለአሥርት ዓመታት የተቆለለ ነበር። ግን ከተማና ጎረቤቱ ስለ አደጋና ስለ ጉዳት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቅጡ ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ዋጋውን የሚከፍለው ድሃ መሆኑን ያ ዓመት አሳይቶናል።

ሕጉ ይህን ይፈቅዳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አዎ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አደጋን የመከላከልና ለተጎዱት በወቅቱ የመድረስ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 49 ደግሞ አዲስ አበባን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ አድርጎ፣ ኦሮሚያ ከከተማዋ ጋር በሚያገናኟት አስተዳደራዊ ጉዳዮችና በመሳሰሉት ያላትን ልዩ ጥቅም ያስቀምጣል። በ2013 የወጣው የመንግሥታት ግንኙነትን የሚመለከተው አዋጅም ለእንዲህ ያለ ንግግር መድረክ ከፍቷል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

እድሳቱ ራሱ እንዴት ይካሄዳል? አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች አሮጌውን ያወጡና ያነባሉ። የሌሉ ተቋማትን ስም ይሰርዛሉ። ከዚያ የቅርብ ጊዜ አደጋዎችን አንድ በአንድ አንስተው ማን መቼ ደረሰ፣ የት ተጓተተ ብለው በግልጽ ይነጋገራሉ። ይህኛው ክፍል ሰው ያስቀይማል፣ ስለዚህ ብዙዎች ይዘሉታል። መዘለል ያለበት የመጨረሻው ነገር ግን እሱ ነው። ረቂቁ ለሕግ ባለሙያ ይሄዳል፣ በየምክር ቤቱ ወይም በየኃላፊው ይጸድቃል።

ሁለት ነገር ቢገባበት ብዬ እመኛለሁ። አንደኛ፣ የሚለወጠውን ከማይለወጠው መለየት። መርሁ በዋናው ሰነድ ይቀመጥ፣ ስልክና ስም በእዝል። እዝሉ በየስድስት ወሩ ያለ አዲስ ፊርማ ይቀየር። ያኔ አንድ ኃላፊ በተዛወረ ቁጥር ሙሉው ወረቀት አያረጅም። ሁለተኛ፣ ቀን ይቆረጥለት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት የሙከራ ጥሪ ይደረግ። ተረኛው ያነሳል? ሬዲዮው ይሰማል? መኪናው በስንት ደቂቃ ከበር ይወጣል? ይህን ለማድረግ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

እስከዚያ እኛ የምንችለው አለ። 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ። ከወሰን ወዲያ ያላችሁ ደግሞ የሸገርን ቁጥር ከወረዳችሁ ጠይቃችሁ ከጎናቸው ጻፉት። ስትደውሉ በወረዳ ስም አትጀምሩ። ከየት ሲመጣ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም የታክሲ ፌርማታ ቀጥሎ፣ በግራ ወይስ በቀኝ፣ መኪና የሚገባበት መንገድ የትኛው እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ወጣት ዋናው መንገድ ላይ ባትሪ ይዞ ይቁም። እኛ ያን ሌሊት ይህን ማድረግ ያሰብነው ዘግይተን ነው፤ መኪናው አንድ ቅያስ አልፎ ሄዶ ነው የተመለሰው።

ባለፈው እሁድ የእድር ስብሰባችን ላይ ይህንኑ አነሳን። የእንጨት ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ተነስቶ «እኔ ካሣ አልጠይቅም፤ የሚቀጥለው ሰው ሲደውል የማን ናችሁ እንዳይባል ብቻ ነው» አለ። በአንድ ገጽ ጥያቄ ጻፍን፣ በሁለቱም ቋንቋ። ወዲህ ላለው ወረዳ ሰብሳቢያችን ያደርሳሉ። ወዲያ ላለው ገንዘብ ያዣችን፣ ቤታቸው እዚያው ስለሆነ። ጥያቄው አንድ ነው፦ በእናንተና በጎረቤታችሁ መካከል ያለው ስምምነት መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ማክሰኞ ይገባል። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።